ሁለት ፍሬ ስጠኝ

ለ፦ በቱሉ ዲምቱ አደባባይ ዙሪያ ለምትገኙ የመድኃኒት ቤትና የፋርማሲ ባለቤቶችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ጎረቤታችሁ ነኝ። ስሜ ምንም አይነግራችሁም፤ ፊቴን ግን ታውቁታላችሁ። ማታ ከታክሲ ወርጄ፣ ጫማዬ ጭቃ ለብሶ፣ «ፓራሲታሞል አንድ ስትሪፕ» እያልኩ የምገባው ሰውዬ ነኝ። የምሠራው ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከታማሚ ከመጣ ሽንት፣ ደም ወይም መግል ባክቴሪያ አበቅላለሁ፤ ካልቸር የምንለው ይኸው ነው። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ የትኛው እንደማይነካው አያለሁ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

ደብዳቤውን ለማን ላድርገው እያልኩ ሰነበትኩ። ለመሥሪያ ቤት ብጽፈው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ እሱም እኔም እናርፋለን። ስለዚህ ለእናንተ አደረግኩት። ለመሥሪያ ቤቶቹ ግልባጭ ይድረሳቸው።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ታመመች። ቀኑን ሙሉ ወገቧን ይዛ ዋለች። ማታ ላይ ብርድ ብርድ አላት። ሽንት ሲመጣ እንደሚያቃጥላት ለእህቴ በጆሮዋ ነገረቻት፤ እንዲህ ያለውን ለእኔ አትነግረኝም። ውጭ ዝናብ ነው፣ መብራት የለም። በዚህ ሰዓት ጤና ጣቢያ ማን ይሄዳል? ልጄን ጠርቼ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሰጠሁትና «ሮጥ በል፣ ሲፕሮ አራት ፍሬ ይዘህ ና» አልኩት። ሲፕሮ አንቲባዮቲክ ነው።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ቀን ሙሉ ካልቸር ሳነብ የምውለው ሰውዬ።

ልጁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። አራት ፍሬ፣ ከስትሪፑ በመቀስ ተቆርጣ፣ በትንሽ የወረቀት ከረጢት። ለማን ነው ያለው የለም። ወረቀት አለህ ያለውም የለም። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የትኛው መድኃኒት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ደግሞም የትኛውም ሊሆን ይችል ነበር።

በማግስቱ ቀለል አላት። ፍሬዋ በሁለት ቀን አለቀች፤ «ዳንኩ» አለች። በስምንተኛው ቀን በእኔና በእህቴ ትከሻ ተደግፋ ሆስፒታል ገባች።

የሽንቷ ካልቸር ሲወጣ ያነበበችው ባልደረባዬ ናት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ፕሌቱን ወደ መብራቱ አነሳችው። ባክቴሪያው በሳህኑ ላይ እንደ ስስ ቅባት ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። በላዩ ላይ በመድኃኒት የተነከሩ ስድስት ነጫጭ የወረቀት ክቦች አሉ፤ እያንዳንዷ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በክቧ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ያን ቀለበት በሚሊሜትር እንለካዋለን። በሲፕሮዋ ዙሪያ ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ በቅሎ ተደግፏታል፤ ግድግዳ ተደግፎ ጫት የሚቅም ጎረምሳ ነው የሚመስለው። የአምፒሲሊኗም እንደዚያው። የኮትሪሞክሳዞሏም እንደዚያው። ከስድስቱ ቀለበት የሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በመርፌ የሚሰጡ ናቸው።

እናቴ ድናለች፣ ተመስገን። አሁን ቡና ስታፈላ «ያ ሲፕሮህ» እያለች ትሳለቅብኛለች።

ያንን ባክቴሪያ ያላመደችው የእኔ አራት ፍሬ ናት ብዬ አልምልም። ምናልባት ሲመጣም የለመደ ነበር። ታዲያ የት ለመደ? እንደ እኔ ያለ ሰው ቤት ነዋ።

አንድ ነገር በመሃል ላርም። ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ይላል። እናንተም በቀን አሥር ጊዜ ትሰሙታላችሁ። የሚለምደው ሰውነት አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰውነታችሁ ቢለምድ ችግሩ የእናንተው ሆኖ ይቀር ነበር። ባክቴሪያው ሲለምድ ግን በእጅ፣ በውሃ፣ በሳል ወደ ጎረቤት ይሻገራል። አንድ ቀን አንቲባዮቲክ ወስዶ የማያውቅ ሕፃን ጎን ይገኛል።

አሁን ወደ ምልዓተ ጉባኤው ልግባ።

የብሎካችን የነዋሪዎች ስብሰባ ስንት ጊዜ እንደተጠራ አላስታውስም። ስንት ጊዜ እንደተበተነ ግን አስታውሳለሁ። «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ» የምትል ወረቀት ደረጃው ሥር ትለጠፋለች። ሁላችንም የወጣነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ የፈነዳ ዕለት።

ባክቴሪያ እንዲህ አይደለም። ባክቴሪያ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጥራል። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ የሳይንሱ ስም ራሱ፣ ኮረም ሴንሲንግ፣ ምልዓተ ጉባኤን ከመቁጠር የመጣ ነው። ስሙን ሦስት ተመራማሪዎች በ1994 አወጡለት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ነገሩ ግን ቀደም ብሎ ታውቋል። በ1970 እነ ኬኔት ኒልሰንና ውድላንድ ሄስቲንግስ ሃርቫርድ ውስጥ ብርሃን የሚሰጥ የባሕር ባክቴሪያ ያጠኑ ነበር። ባክቴሪያው በውሃ ውስጥ ጥቂት ሆኖ ሲንሳፈፍ ጨለማ ነው። ተራብቶ ሲበዛ ግን ሁሉም ባንዴ ያበራል። ለካስ እያንዳንዱ ባክቴሪያ አንዲት ጥቃቅን ኬሚካል ወደ ውጭ ይለቃል። ጥቂት ሲሆኑ ኬሚካሏ በውሃው ውስጥ ትጠፋለች። ሲበዙ ትከማቻለች። የተወሰነ መጠን ላይ ስትደርስ «ሞልተናል» ማለት ነው። ያኔ መብራት ይበራል።

ለምን ብቻውን አያበራም? ምን ሊጠቅመው! የአንድ ባክቴሪያ ብርሃን ማንም አያየውም፤ ጉልበት ማባከን ነው።

ይህ ባክቴሪያ ሃዋይ ባሕር ዳርቻ ላይ አውራ ጣት የምታህል ስኩዊድ (ባለ ብዙ እጅ ለስላሳ የባሕር እንስሳ) ሆድ ውስጥ ይኖራል። ስኩዊዷ ቀን አሸዋ ውስጥ ትቀበራለች። ማታ ለአደን ስትወጣ ከሆዷ ሥር ብርሃን ታበራለች፤ ብርሃኗ ከጨረቃው ጋር ስለሚመሳሰል ከታች ሆኖ ለሚያያት አሳ ጥላ የላትም። ጎህ ሲቀድ ታዲያ ከባክቴሪያዎቹ አብዛኛውን፣ 95 በመቶ ገደማውን፣ ወደ ባሕሩ ታስወጣለች። የቀሩት ቀኑን ሙሉ ይራባሉ። ሲመሽ ምልዓተ ጉባኤው ይሟላል፣ መብራት ይበራል። በፈረቃ መብራት ለኖርን ሰዎች ይህ የሚያስቀና ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ላይ ዕድሜዋን የሰጠች አንዲት ሴት አለች፤ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ቦኒ ባስለር። እሷና ባልደረቦቿ ያሳዩት ባክቴሪያ አንድ ቋንቋ ብቻ እንደሌለው ነው። የራሱ ዝርያ ብቻ የሚሰማው አንድ አለው። ሌላው ደግሞ ብዙ ዝርያዎች የሚግባቡበት ነው። ቤቱ አንድ ቋንቋ እያወራ መርካቶ ሲወርድ በሌላ እንደሚነግድ ሰው ማለት ነው። ባክቴሪያው ስለዚህ ሁለት ነገር ይቆጥራል፤ የእኔ ወገን ስንት ነን? ሌሎቹስ ስንት ናቸው?

ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር እንጂ። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። የተቃጠለ ቁስል ይወዳል። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሳንባም ይወዳል። በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ስናሳድገው መጀመሪያ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓታት በኋላ እንደ ገብስ ውሃ ይደፈርሳል። ቀለም ግን የለውም። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ከላይ በኩል አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀናል። ብልቃጡን ስንነቀንቀው አየር ያገኝና አረንጓዴው ይደምቃል። ሽታው ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ የበሰለ ወይን ይመስላል። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ «ምን ይሸታል?» ብለን እንጠይቃለን፤ ደስ የሚል ነገር ነው ይለናል። ያ አረንጓዴ ቀለም መርዝ ነው፤ የሰውን ሴል ይጎዳል። ባክቴሪያው ጥቂት እያለ አይሠራውም። ቢሠራው የሰውነት ወታደር ቀድሞ ነቅቶ ይደመስሰዋል። ስለዚህ አድፍጦ ይቆያል። ሲሞላ ነው የሚያወጣው።

በምልዓተ ጉባኤ የሚሠሩት ሌላው ነገር ልጋግ ነው። ይህን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልጋችሁም። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ጀሪካናችሁን ባዶ ሲሆን እጃችሁን ከትታችሁ ውስጡን ዳብሱት። ሙልጭልጭ ይላል አይደል? እናቴ ጠጠርና ሙቅ ውሃ አግብታ ክንዷ እስኪዝል ትንጠዋለች። ዝም ብላ በውሃ ብታለቀልቀው አይለቅማ። ያ ሙልጭልጭ ነገር የባክቴሪያ ኮንዶሚኒየም ነው። ባክቴሪያዎቹ ተሰብስበው፣ ልጋግ አመንጭተው፣ ውስጡ ይኖራሉ። በእኛም ሰውነት እንዲሁ ያደርጋሉ። ጥርስ ላይ አለ፣ የሽንት ቱቦ ላይ አለ፣ የማይድን ቁስል ላይ አለ። ልጋግ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ብቻውን ከሚንሳፈፈው ይልቅ አንቲባዮቲክን በመቶ፣ አንዳንዴም በሺህ እጥፍ ይቋቋማል።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ መቀስ የሚገባው።

በ2005 አንድ ጥናት ወጣ። ከጄንታማይሲን ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ለመግደል በማይበቃ ትንሽ መጠን ለባክቴሪያ ሲሰጥ ባክቴሪያው አልሞተም፤ ልጋግ መሥራት ጀመረ። በዓመቱ፣ በ2006፣ ሌላ ጥናት ወጣ። ይህኛው የሳንባ ምች በሚያመጣው ባክቴሪያ ላይ ነው። እሱም በኬሚካል የሚጠራራ ነው፤ ሲጠራራ የሞቱ ባክቴሪያዎችን ዘረመል ከአካባቢው ለቃቅሞ ይውጣል። ከወላጁ ያልወረሰውን ጠባይ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ይህን ጥሪ ምን አስነሳው? ሲፕሮ ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ አንዱ ነበር።

አያችሁ፣ እኔ ድሮ የማስበው እንዲህ ነበር፦ ሁለት ፍሬ ባይጠቅም አይጎዳም። ደካማውን ይገድላል፣ ጠንካራው ይቀራል፤ ቢበዛ ይኸው ነው። ይህም ራሱ በቂ ጥፋት ነበር። ነገር ግን ትንሽ መድኃኒት ለአንዳንድ ባክቴሪያ ከዚያም በላይ ነው። የማንቂያ ደወል ነው። ተሰብሰቡ፣ ልጋግ ሥሩ፣ ያላችሁን ዘረመል ተበዳደሩ ማለት ነው። እኔ ዝናብ ውስጥ ልጄን ልኬ ያስገዛሁት የስብሰባ ጥሪ ወረቀት ነው።

ይህን ማንም አልነገረንም ማለት ደግሞ አንችልም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በዲሴምበር 1945 ስቶክሆልም ላይ የኖቤል ንግግሩን ሲያደርግ አንድ ታሪክ ፈጥሮ ተናግሯል። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል። ከሱቅ ፔኒሲሊን ይገዛል። የሚወስደው ባክቴሪያውን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማስተማር ግን የሚበቃ ነው። ከዚያ ሚስቱን ያስይዛታል። እሷ የሳንባ ምች ይዟት በፔኒሲሊን ስትታከም መድኃኒቱ አይሠራም፤ ትሞታለች። ጥፋቱን ፍሌሚንግ ለባልየው ሰጠው። መድኃኒቱ ገና ከፋብሪካ መውጣት በጀመረበት ዘመን የተነገረ ነው። በነገራችን ላይ ትንቢቱ ባንድ ነገር አልሠራም፤ የጉሮሮው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልለመደም። ሌሎቹ ግን አላሳፈሩትም። በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል።

ጉሮሮ ካነሳን አይቀር፣ «ቶንሲል ነው» ብሎ ለሚመጣ ወላጅ ሁለት ፍሬ መስጠት የሚጎዳው ለሌላም ምክንያት ነው። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ ቶንሲል በቅጡ ካልታከመ የሕፃን ልብ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የልብ ክፍል ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ልጆችን ያየ ሰው ይህን አይረሳም። በጉንፋን የመጣ ከሆነ ደግሞ ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን በቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም። ሁለት ፍሬ ለሁለቱም አይሆንም።

አሁን የእናንተን መልስ ልገምት። አንዳንዶቻችሁን በአካልም ጠይቄያለሁ።

«ገንዘቡ አይበቃውም፣ ምን ላድርግ?» እውነት ነው። የቀን ሠራተኛ ነው፣ ያለው ለአራት ፍሬ ነው። ይህን አላቃልልም። ግን ሙሉውን መግዛት ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። መርምረው ምናልባት አንቲባዮቲክ ጭራሽ አያስፈልገውም ይሉታል። ያኔ አራቱንም ፍሬ አተረፈ።

«ዶክተሮቹ ራሳቸው አንዴ አምስት ቀን ይላሉ፣ አንዴ አሥር።» ይህም እውነት ነው። ለስንት ቀን ይወሰድ የሚለው በሐኪሞች ዘንድም የሚያከራክር ነው፤ ለአንዳንድ ሕመም አጭሩ እንደሚበቃ ታይቷል። እኔም «ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው» እያልኩ አልሟገትም። ያዘዘው ባለሙያ ያለውን ያህል ይውሰድ። ቀኑን ኪስ የሚወስንበትን ሕክምና ግን ደግፎ የተከራከረ ሐኪም አልገጠመኝም።

ሦስተኛው መልስ ነው ከባዱ። «እኔ ባልሸጥለት ጎኔ ያለው ይሸጥለታል።»

አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ንዴት ነበር። አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። ወረቀት ካላመጣህ አልሰጥም አለችው። «ዶክተር፣ ምን ነካሽ?» ብሏት ወጣ። መንገዱን ሲሻገር በመስኮት አየችው። ከማዶ ባለ ሁለት ቀለሟን ፍሬ በእጁ ይዞ ሲወጣም አየችው። ከዚያ ወዲያ ሌላም ነገር አይገዛትም፤ ሳሙናም ቢሆን።

ለዚህች ልጅ መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ ያ ብርሃን የሚሰጥ ባክቴሪያ ሆነብኝ። ብቻውን ቢያበራ ጉልበት ማባከን ነው። እሷም ብቻዋን እምቢ ብትል ደንበኛ ማባከን ነው። ጥፋቷ እምቢ ማለቷ አይደለም፤ ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ እምቢ ማለቷ ነው።

እንግዲህ ቆጥሬያችኋለሁ። ከአደባባዩ እስከ ኮንዶሚኒየማችን በር አሥራ አንድ ናችሁ። ሀምሳ ሲደመር አንድ ስድስት ነው። ስድስታችሁ ባንድ ቀን፣ ባንድ ቃል «አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አንሸጥም፣ ስትሪፕም አንቆርጥም» ብትሉ ያ ሰውዬ መንገድ መሻገሩ ትርጉም ያጣል። አሥራ አንዳችሁም ብትሉ ደግሞ ታክሲ ይዞ ቃሊቲ ካልሄደ በቀር የለም። ለሁለት ፍሬ ታክሲ የሚይዝ ሰው ጤና ጣቢያም ይደርሳል።

አዲስ ሕግ አውጡ አላልኩም። አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መሆኑ ሕግ ነው፤ ከእኔ በላይ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

ከመካከላችሁ የሚያጭበረብር ይኖራል። ቃል ገብቶ ከጀርባ የሚሸጥ። ይህም ባክቴሪያ ዘንድ አለ። በሱዶሞናስ መንጋ ውስጥ ጥሪውን የማይሰሙ አሉ፤ ሌሎቹ ደክመው የሠሩትን ቁጭ ብለው ይበላሉ። ዕቁብ በልቶ ሰፈር የሚለቅ ሰው ማለት ነው። መንጋው ዝም አይላቸውም። ጥሪውን የሚሰሙት ሳያናይድ ያመነጫሉ። እነሱ መርዙን መቋቋም ይችላሉ፤ አጭበርባሪው አይችልም። እኛ ሳያናይድ አያስፈልገንም። አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ተቆጣጣሪ ይበቃናል። እሱም ቢሆን ከሻይ በፊት መደርደሪያውን የሚያይ ይሁን።

ባክቴሪያዎቹን የሚያደነቁር መድኃኒት እየተፈለገ መሆኑንም ልንገራችሁ። አይገድልም፤ መነጋገሪያቸውን ይቆርጣል። ከአውስትራሊያ ቀይ የባሕር አልጌ ውስጥ ጥሪውን የሚያውክ ኬሚካል ተገኝቷል። በ2000 ደግሞ የጥሪውን ኬሚካል የሚቆርጥ ኢንዛይም ታወቀ፤ የተገኘውም ከሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ጠላትም ወዳጅም እነሱው ናቸው። ሐሳቡ ያምራል። ግን ከእናንተ ዘንድ መጥቼ «ማደንቆሪያ አንድ ስትሪፕ» የምልበት ጊዜ ገና ነው። እስከዚያ ያሉንን ማቆየት ነው።

ነገሩ ሁሉ በእናንተ ብቻ ያልቃል እያልኩም አይደለም። ከኛ ሰፈር ወጣ ሲባል ያሉት ከብት አርቢዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን በመርፌ ይወጋሉ፤ ላሟ ወተት ስትሰጥ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባቸው የነገራቸው ሁሉ የለም። ቆሻሻችንም ውሎ አድሮ አቃቂ ወንዝ ይገባል። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። የተረፈው አባ ሳሙኤል ገብቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የለመደ ባክቴሪያ ድንበር የለውም። ይህ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

እናቴም ድርሻ አላት። የተረፈ መድኃኒት የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ነበራት። ከሆስፒታል ስትመለስ አልጋው ላይ ዘረገፍነው። የአራት ዓይነት አንቲባዮቲክ ቁራጭ ወጣ፤ ስም የሌለውም ነበረበት፤ መቀሱ ስሙን ቆርጦታል። «ይሄ ለማን ነው?» ስላት «ለጎረቤት» አለች። በቅን ልብ ነው። ታዲያ ቆርቆሮውን ማን ሞላው? እኔና እናንተ።

ለጤና ቢሮው በግልባጭ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ዳር ሰፈር ካልቸር አቅርቡልን። ሰዎቻችን ትኩሳት ሲይዛቸው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ» ብለው ነው የሚመጡት። ያ የደም ምርመራ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ድሮ የያዘውንና አሁን የያዘውን በቅጡ አይለይም። ሐኪሙ ሌላ የሚይዘው ስለሌለው አንቲባዮቲክ ይጽፋል። አልፈርድበትም፤ ጨለማ ውስጥ እየዳበሰ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን የሚፈጅ ካልቸር ቢኖረው የሚጽፈውን አውቆ ይጽፋል።

በየጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ይከፈት አላልኩም፤ ወጪውን አውቀዋለሁ። ናሙናው ይጓዝ። የሽንት ናሙና በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ካልሆነ ፍሪጅ ገብቶ እስከ አንድ ቀን ይቆያል። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ በጠዋት ትራፊክ ሁለት ሰዓት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፍሪጅ፣ አንድ በረዶ ያለው ሳጥንና በቀን አንዴ የሚመላለስ ሞተረኛ ነው። ምግብ በሞተር ቤታችን ድረስ ይመጣ የለ? የሰው ሽንትም ይሂድ።

ለእናንተ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። የመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕድራችን አዳራሽ ክፍት ነው። ሊቀመንበሩን አስፈቅጃለሁ። ያቺ ወጣት ፋርማሲስት እመጣለሁ ብላለች። እሷን ይዘን ገና አንድ ነን፤ አምስት ይቀረናል። አንድ የበቀለ ፕሌት ይዤ እመጣለሁ፤ ተዘግቶ የታሸገ ነው፣ አትፍሩ። ቀለበት የሌላትን ክብ በዓይናችሁ ታዩአታላችሁ። ቡናውን እናቴ ታፈላለች።

ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት።

ከሰላምታ ጋር
ጎረቤታችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለእናቴ፣ ከባዶው የብስኩት ቆርቆሮ ጋር